ልጅዎ እንዲታከም ብለው አይክሰሱት

ጥያቄ፦ «ከደብረ ሲና ወጣ ብሎ የምኖር እናት ነኝ። ይህን የምትጽፍልኝ ሴት ልጄ ናት። ወንድ ልጄ 25 ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱን ጥሎ መጣ። ሌሊት አይተኛም፤ ለብቻው ያወራል። አባቴ ሊመርዘኝ ነው ይላል፤ እኔ የሠራሁትንም አይበላም። ደብረ ብርሃን ወስደነው ክኒን ተሰጥቶት ነበር፤ ሲሻለው ተወው። ባለፈው ወር አባቱን በዱላ መታው። ጎረቤት ፖሊስ ጠራና ጣቢያ አድሮ ተመለሰ። ዘመድ "ክሰሱትና ይታሰር፣ እዚያ ያሳክሙታል" ይላል። አባቱ ደግሞ ጸበል ወስደን እንሰረው ይላል። እኔ ክኒኑን በሽሮ ደብቄ ልሰጠው አስቤያለሁ። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ ከክሱ ልጀምር። ሌላው ነገር ቢበላሽ ሊስተካከል ይችላል፤ ክስ ግን አንዴ ከተጀመረ ከእጅዎ ሊወጣ ይችላል። አይክሰሱት። «ይታሰርና ያሳክሙታል» የሚሉት ዘመዶች ለክፋት ብለው አይደለም፤ ግን ተሳስተዋል። ጣቢያ ውስጥ የአእምሮ ሐኪም የለም። መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚያስውጠው ሰውም የለም። እዚያ ያለው መጨናነቅ፣ እንቅልፍ ማጣትና ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር መታጎር ነው። «ሊገድሉኝ ነው» ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ሁሉ ማረጋገጫ ይሆንበታል። አብረውት የታሰሩት ሌሊት ሲጮህባቸው ይመቱታል፤ ወይ እሱ ይመታቸዋል። ያኔ ሁለተኛ ክስ ተጨመረ ማለት ነው። በአባቱ ላይ የደረሰው ጉዳት ከበድ ያለ ከሆነ ደግሞ እናንተ «ይቅር ብለናል» ብትሉም ዐቃቤ ሕግ ሊገፋበት ይችላል።

በሌላ ወገን «እብድ አይከሰስም፣ ምን ይመጣበታል» የሚሉም አሉ። ይህም ልክ አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 የሚለው ሌላ ነው። ድርጊቱን ሲፈጽም በሕመም ምክንያት የሚያደርገውን መረዳት ወይም ራሱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው አይቀጣም። ይህን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ ጎረቤትም ፖሊስም አይደለም። ፍርድ ቤቱ ስለ አእምሮው ጥርጣሬ ሲኖረው በአንቀጽ 51 መሠረት ባለሙያ መርምሮት አስተያየት እንዲሰጥ ያደርጋል። ፍርድ ቤቱ በሕክምና ተቋም ገብቶ እንዲታከም ማዘዝም ይችላል። ስለዚህ በክስ በኩል ወደ ሕክምና የሚወስድ መንገድ የለም አልልም። ግን ረጅም ነው፤ ለምርመራ ተራ መጠበቅ አለ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ልጅዎ ያለ መድኃኒት ይቆያል። በሰው ላይ ከባድ ጉዳት ሲደርስ ሳይወዱ የሚገቡበት መንገድ ነው እንጂ የሚመርጡት አይደለም።

ልጅዎን ሳላየው ለሕመሙ ስም አልሰጥም። የነገሩኝ ምልክቶች ግን ሳይኮሲስ የምንለው ሁኔታ ናቸው፦ ለብቻ ማውራት (የሌለ ድምፅ እየሰማ ሊሆን ይችላል)፣ ማንም ሊያስቀይረው የማይችል ጥርጣሬ፣ የተገለባበጠ እንቅልፍ። ስኪዞፍሬንያ ሊሆን ይችላል፤ ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሕመምም እንዲህ ሆኖ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ስኪዞፍሬንያ አለበት። ወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ባለው ዕድሜ ነው፤ ልክ ልጅ ዩኒቨርሲቲ በሚገባበት ጊዜ። «ትምህርት በዝቶበት አበደ» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ትምህርት አላሳበደውም። እርስዎም አላሳመሙትም፤ አስተዳደግዎን እየመረመሩ ሌሊቱን አይንጉ። በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት አለ፤ አንጎል የሚሠራበት መንገድ ይዛባል፤ ጭንቀት፣ ጫትና ሐሺሽ ደግሞ ያባብሱታል። አረቄም እንዲሁ።

አባቱን ለምን ጠመደው? አባቱ የተለየ ነገር ስላደረገው አይደለም። በዚህ ሕመም ጥርጣሬው የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ አጠገብ ባለ ሰው ላይ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር፣ ምግብ የሚያቀርብ፣ «ተነስ፣ ውጣ፣ ሥራ» የሚል ሰው ላይ። አባቱ ይህን ቢረዱ ጥሩ ነው፤ ከዱላው በላይ የሚያማቸው «ልጄ ጠላኝ» የሚለው ነውና።

አብዛኞቹ የአእምሮ ታማሚዎች ማንንም አይጎዱም፤ ሌላ ሰው የሚጎዳቸው ይበዛል። ይህን የምለው ግን የእርስዎን ቤት አደጋ ለማቃለል አይደለም። ልጅዎ ከዚህ በፊት ሰው መትቷል፤ መድኃኒት አቋርጧል፤ ጥርጣሬው በአንድ ሰው ላይ ተተክሏል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ እኔ አልዘናጋም፤ እናንተም አትዘናጉ። ቤት ውስጥ ጠመንጃ ካለ ዛሬውኑ ይውጣ። በእኛ አገር አባወራን «መሣሪያህን አውጣ» ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቆጥ ላይ ሰቅሎ ወይም አልጋ ሥር ደብቆ «አያገኘውም» ማለት ግን አይበቃም። የታመነ ዘመድ ዘንድ በአደራ ይቀመጥ። መጥረቢያው፣ ማጭዱ፣ ዘነዘናው ከዓይን ይራቅ። ለእህል የሚገዛው የነቀዝ መድኃኒትም እንዲሁ፤ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ራሱን የሚያጠፋበት ጊዜም አለና። አባቱም ለጥቂት ሳምንት ሌላ ቤት ቢያድሩ ሽሽት አይደለም። ልጁ መድኃኒት ጀምሮ እስኪረጋጋ ድረስ ነው።

አሁን ወደ ፖሊስ። ፖሊስ ይጠራ ወይስ አይጠራ ለሚለው፦ ይጠራል፤ ግን እንዲያስር ሳይሆን ወደ ሕክምና እንዲያደርስ። ስለት ወይም መሣሪያ በእጁ ከያዘ፣ ሰው ሊመታ ከተነሳ፣ ራሱን ሊጎዳ ከሞከረ አያመንቱ። «ለብቻው አወራ»፣ «ተሳደበ»፣ «ክኒን አልውጥም አለ» ግን ፖሊስ የሚጠራባቸው ምክንያቶች አይደሉም። ለዚህ ሁሉ ፖሊስ ከተጠራ በእውነተኛው ቀን አይመጡም፤ ልጁም እናንተን ማመን ጨርሶ ይተዋል።

ሲደውሉ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ትወስናለች። «ልጄ ሊገድለን ነው፣ ድረሱልን!» ብለው ከጮሁ የሚመጣው ወንጀለኛ ሊይዝ የተዘጋጀ ሰው ነው። እንዲህ ይበሉ፦ «ልጄ የአእምሮ ታማሚ ነው፤ የሆስፒታል ካርድ አለው። ሕመሙ ተነስቶበታል። አሁን ዱላ ይዟል፤ ጠመንጃ ቤት ውስጥ የለም። ጩኸት ያስደነግጠዋል። ወደ ሆስፒታል ለማድረስ እርዱን።» የያዘውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይንገሩ። ከዚያ አንድ ሰው ወጥቶ ፖሊሶቹን ከግቢው ውጭ ይቀበላቸው፤ ቤት ውስጥ በድንገት እንዳይገቡበት። አባቱ ከዓይኑ ይሰወሩ። ጎረቤቱ ይበተን፤ ተመልካች የከበበው ሰው ይብስበታል። ልጁን አንድ ሰው ብቻ ያናግረው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ እጆቹ እየታዩ። በሩን አትዝጉበት፤ መውጫ ያጣ ሰው ይመታል። «ማንም አይመርዝህም፣ አብደሃል እንዴ!» ብሎ መከራከርም ዋጋ የለውም። «ፈርተሃል፣ ይገባኛል፤ እኔ አጠገብህ ነኝ» ይበቃል።

ይህ ሁሉ ግን በዚያች ሰዓት ብቻ አይሠራም። ሰላም በሆነበት ቀን አስቀድማችሁ ወደ ጣቢያው ሂዱ። የሕክምና ካርዱን ኮፒና ፎቶውን ይዛችሁ የጣቢያውን ኃላፊ አነጋግሩ። የሚደወልበትን ስልክ ተቀበሉ። ለቀበሌው ሊቀመንበርና ለሚሊሻዎቹም ንገሩ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ባለው የጸጥታ ሁኔታ ይህ ምክር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኗል። ሌሊት የሚዞር፣ «ቁም» ሲባል የሚሮጥ፣ ስሙን ሲጠየቅ የማይመልስ ወጣት ለማያውቀው ታጣቂ ምን መስሎ እንደሚታይ አስቡት። ኪሱ ውስጥ ስሙ፣ ሕመምተኛ መሆኑና የቤተሰብ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። «ስሙ ይጠፋል» ብላችሁ የምትሰጉ ከሆነ፣ አባቱን በዱላ ከመታ ወዲህ አገሩ ሁሉ አውቋል። አሁን የሚያስፈልገው ሰዎቹ በትክክል እንዲያውቁት ነው።

ወደ ዋናው ልምጣ፤ ሕክምናው። ፖሊስ የሚያስፈልግበትን ቀን የሚያርቀው እሱ ነውና። በዚህ ሳምንት ደብረ ብርሃን ውሰዱት። የጤና መድህን አባል ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፉ፤ ያለዚያ ከኪስ ትከፍላላችሁ። ጤና ጣቢያው ውስጥ በአእምሮ ጤና የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ካለ እዚያው መድኃኒት ሊያስጀምረው ይችላል፤ ይጠይቁ። «አልታመምኩም» ማለቱ እልኸኝነት አይደለም፤ አለመታመሙን ማመኑ ራሱ የሕመሙ አካል ነው። ስለዚህ «ታመሃል» ብላችሁ አትጀምሩ። እሱም የማይክደው ችግር አለው፦ እንቅልፍ አጥቷል፣ ደክሟል፣ ፈርቷል። «ለእንቅልፍህ መፍትሔ እንፈልግ» ማለት ውሸት አይደለም። «ለሠርግ ነው የምንሄደው» ብሎ ማታለል ግን ለሚቀጥለው ጊዜ በሩን ይዘጋል። የሚያምነው ሰው ይሂድ፤ እህቱ ከሆነች እሷ፣ ግን ለብቻዋ አይደለም፤ ከጠንካራ አጎት ወይም ከልጅነት ጓደኛው ጋር። ጠዋት ውጡ። መኪና ውስጥ በር አጠገብም ከሾፌሩ ጎንም አይቀመጥ፤ መሐል ይሁን። ጣርማ በርን ስትወጡ ጉምና ዋሻው ቢያስፈራው ያቀርቅር፤ አታዋክቡት።

ሐኪሙ ፊት ጊዜ አጭር ነው። መቼ እንደጀመረው፣ የትኛውን ክኒን ወስዶ መቼ እንዳቆመ፣ አባቱን መምታቱን፣ ጫትና አረቄ መኖር አለመኖሩን አፍረጥርጣችሁ ተናገሩ። የቀረውን የክኒን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ይህን ጠይቁ፦ «በየወሩ የሚወጋው መርፌ ይሆነዋል ወይ?» ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት የሚባል መርፌ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይሰጣል። ሲሻለው ክኒን ለሚያቋርጥ፣ በየቀኑ «ዋጥ፣ አልውጥም» ጭቅጭቅ ላለበት ቤት የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። ቁስሉ፣ ዱላው፣ ጣቢያው የመጣው ክኒኑ ከተቋረጠ በኋላ ነው። ሐኪሙ በክኒን ጀምሮ እንደሚስማማው አይቶ ወደ መርፌው ሊያሸጋግረው ይችላል። መርፌው ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የሚጠፋበት ጊዜም አለ፤ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። ተኝቶ መታከም ካስፈለገውና አልጋ ከሌለ አዲስ አበባ አማኑኤል ወይም ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። «አማኑኤል የገባ አይወጣም» የሚባለው ተረት ነው፤ ብዙው ሰው በሳምንታት ውስጥ ታክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ስለ ሽሮው፦ አይደብቁበት። ልጅዎ «ምግቤ ውስጥ ነገር ይጨምሩብኛል» ብሎ እየፈራ ነው። አንድ ቀን ነጭ ነገር ሽሮው ውስጥ ቢያገኝ ልክ ነበርኩ ይላል፤ ያኔ ልክ ነው። ከእርስዎ እጅ መብላቱ ያበቃል፤ ከሐኪሙም ጋር ይጣላል። መጠኑም አይታወቅም፤ ግማሹን ትቶ ሊነሳ ይችላል። ይልቁንስ ከአንድ ትሪ አብራችሁ ብሉ፤ እርስዎ ቀድመው ይቁረሱ። ክኒኑን ከማሸጊያው እሱ ራሱ ያውጣ።

አንድ ነገር በደንብ አስጠነቅቃለሁ። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶችና ይህ መርፌ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዳንድ ሰው ላይ ጡንቻ ይይዛሉ። አንገቱ ወደ ጎን ይጣመማል፤ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፤ ምላሱ ይተሳሰራል። ወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሲያይ «መንፈሱ ተቆጣ» ብሎ መድኃኒቱን ይጥላል። መንፈስ አይደለም፤ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ፤ ማርከሻ አለው፣ ፈጥኖም ይለቀዋል። መጠኑ ሊቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት መድረቅና መዘባረቅ አብረው ከመጡ ግን ሌላ ነው፤ ያ ድንገተኛ ሕክምና ይፈልጋል፤ ሌሊትም ቢሆን አታሳድሩት።

ጸበሉን በተመለከተ አባቱን አልቃወምም። ሰሜን ሸዋ የጻድቃኔ ማርያምና የሸንኮራ ዮሐንስ አገር ነው፤ ከዚያ መጽናናት ያገኘ ቤተሰብ ብዙ ነው። የምቃወመው መድኃኒት አስጥሎ መውሰድንና ሰንሰለትን ነው። መጠመቅና መድኃኒት መውሰድ አብረው ይሄዳሉ። ቄሱን ወይም የንስሐ አባታችሁን «መድኃኒቱን እየወሰደ ይጠመቅ» ብላችሁ አነጋግሩ፤ እነሱ ሲናገሩት ልጁም አባቱም ይሰማሉ። በባዶ ሆድ ብዙ የሚቆይ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። በተለይ ለባይፖላር የሚታዘዘውን ሊቲየም የሚባል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይጠጣ መዋል የለበትም፤ መርዝ ሊሆንበት ይችላል።

ሰንሰለቱን የሚያስሩ ወላጆች ጨካኞች ናቸው ብዬ አላምንም። ሌላ መላ ሲጠፋ፣ ሰው እንዳይገድል፣ ገደል እንዳይገባ ብለው ነው። ነገር ግን ሰንሰለት ቁርጭምጭሚት ይልጣል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ እግር ይሰላል። ከሁሉ በላይ ያሰረውን ሰው ጠላት ያደርገዋል፤ ጥርጣሬው ያለው ደግሞ ቀድሞም በአባቱ ላይ ነው። አባቱ በገዛ እጃቸው ቢያስሩት ያ ልጅ ሲፈታ ወዴት እንደሚሄድ አስቡ። መድኃኒቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንቅልፉንና ቁጣውን ያረግበዋል። ድምፁና ጥርጣሬው ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ ለውጡን ለመመዘን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁ። «አሥር ቀን ዋጠ፣ አልዳነም» ብላችሁ አትተዉት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ፖሊስ ዳግመኛ ቢይዘው፣ አንድ ሰው በፍጥነት ወደ ጣቢያው ይሂድ። ካርዱንና መድኃኒቱን ይውሰድ፤ ሕመምተኛ መሆኑ መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቅ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም። ዳኛው ፊት «ታማሚ ነው፣ በክትትል ላይ ነው፣ ይመርመርልን» በሉ፤ ወረቀቱን አሳዩ። ዋስትና ከተፈቀደ «እንዲማር ትንሽ ይቆይ» አትበሉ። እስር ቤት ውስጥ የሚማረው ነገር የለም፤ የሚያልፈው የመርፌ ቀን ነው።

በመጨረሻም ስለ መዳን። ሲሻለው ይቆማል የሚለው ሐሳብ እርስዎንም ልጅዎንም እንደገና ያታልላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው እንኳ ከተሻለው በኋላ ቢያንስ አንድ ሁለት ዓመት መድኃኒቱን ይቀጥላል። ልጅዎ አቁሞ አገርሽቶበታል፤ ስለዚህ ከዚያም ይረዝማል። መቀነስም ማቆምም ከሐኪሙ ጋር ይወሰን፤ በዘመድ ምክር፣ በክረምት መንገድ ብልሽት ወይም በብር እጥረት አይሁን። ሙሉ በሙሉ ወደ ድሮው ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም። ብዙዎች ግን ሥራ ይሠራሉ፣ ያርሳሉ፣ ያገባሉ፤ አንዳንዱ ድምፁ ቢቀርለትም ዝምታውና ድካሙ ይቆይበታል። ድካሙ ስንፍና አይደለም፤ ከብት ማጠጣት፣ ግቢ መጥረግ እያላችሁ ጥቂት በጥቂት ጀምሩለት። የሚያገረሽበት ሕመም ምልክቱን አስቀድሞ ያሳያል፦ ሁለት ሌሊት ሳይተኛ ከነጋ፣ ሰሃኑን ማገላበጥ ከጀመረ፣ አባቱ ሲገቡ ከወጣ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ። በማግስቱ ጠዋት ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ።